ሽቶው ያልሸተተበት ሐሙስ

የናሙና መቀበያዋ መስኮት እንደ ዱሮዋ ቦታዋ ላይ ናት፤ የተቀየረው ቀጮ የቆመችበት ጎን ነው። ለወትሮው ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ፣ ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ ነርሶች የሚያመጡላትን ቱቦ አንድ በአንድ እየተቀበለች፣ «ይሄ ስም የለውም፣ ያኛው ክዳኑ ላልቷል፣ ውሰጂልኝ» እያለች አገር የምታስጨንቀው እሷ ነበረች። ዛሬ ግን ከወዲህ፣ ከታካሚው መሃል፣ ሻርፗን ተከናንባ ቆማ መስታወቱን በጥፍሯ ታንኳኳለች። ከሥራ ታግዳለች። ወረቀቱ «ለጊዜው ዕረፍት» ይላል እንጂ ከዘበኛው እስከ ልብስ አጣቢዋ የማያውቅ ሰው የለም። ቀጮ በሽታዋን ደብቃ ሰው ቤት ገብታ የሰው አባት ልትገድል ነበር ነው የሚባለው። የሰው አፍ እንደሆነ ክዳን የለውም።

ነገሩን ከመሃሉ ለሚሰማ ሰው ከሥሩ ልንገረው። ቀጮ የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ዶክተሩ ደግሞ፣ ያ ረጅሙ፣ ሲስቅ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማው፣ ትልቅ የብረታ ብረት መደብር ያላቸው ሰዎች የበኩር ልጅ ነው። የተዋወቁት እዚችው መስኮት ላይ ነው። እሱ ስም ያልተጻፈበት ናሙና ያመጣል፣ እሷ ትመልሰዋለች። በማግስቱ ያመጣል፣ ትመልሰዋለች። «ይሄን ሰውዬ ማን ነው ያስመረቀው?» እስክትል ድረስ። ለካስ ሆን ብሎ ኖሯል። እሷ በቁጣ ቀና ብላ እንድታየው ነበር፤ አየችው፣ በዚያው ቀረች።

ያ ጉደኛ የሳንባ ቫይረስ ከተማውን ማመስ ሲጀምር መጀመሪያ ከያዛቸው ሰዎች አንዷ ቀጮ ነበረች። ያኔ ዶክተሩ በየቀኑ አባቷ ቤት መስኮት ሥር ይመጣል። ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ እሷም ከውስጥ መዳፏን በመዳፉ ልክ አድርጋ፣ ሳይነካኩ አስታመማት። ስትድን የምርመራውን ውጤት ያየውም ራሱ ነው። «ነጻ ናት! ቀጮዬ ነጻ ናት» ብሎ ኮሪደር ላይ ሲዘል ነርሶቹ ሆዳቸውን ይዘው ስቀውበታል። ይሄን አትርሱብኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

የዶክተሩ እናት ግን ልባቸው አልፈቀደም። «የመርፌና የክር ልጅ» ነው የሚሏት። በስንት መከራ፣ በአባትየው ጉትጎታ፣ አንድ እሁድ ምሳ ጠሯት። ምሳው በሰላም አለቀ። አባትየው ዶሮውን ቆርሰው ሳህኗ ላይ እያኖሩ «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ነፋስ ሊወስድሽ ነው» አሏት። ማክሰኞ ቀጮን ትኩሳት ጣላት። ረቡዕ ዶክተሩ «እኔንም ጉሮሮዬን እየከረከረኝ ነው» አላት በስልክ። ከዚያ አባትየው ትንፋሽ አጠራቸውና ሆስፒታል ገብተው ኦክስጅን ተሰካላቸው። ምሳውን የበላ ሁሉ ሲመረመር እናትየው ብቻ ነጻ፣ ሦስቱ ተይዘዋል።

«የድሮው በሽታዋ ነው» አሉ እናትየው። «ሰውነቷ ውስጥ ተሸሽጎ ከርሞ ነው። እዚያው የምትሠራ ሰው እንዴት አታውቅም? እያወቀች ነው ቤቴ የገባችው።» ተናግረውም አልቀሩ፣ ለሆስፒታሉ አቤት አሉ።

እንግዲህ አንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ቫይረሱ ከተገኘበት ነገሩ ከሁለት አንድ ነው። ወይ የድሮው ርዝራዥ ነው፣ ወይ እንደ አዲስ ተይዟል። በዓይን የሚለይ አይደለም። የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ናሙና ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ደግሞ የትኛውም ላቦራቶሪ ከጣለው ቆይቷል። የትኛውም፣ ከጋሽ በረዶ ላቦራቶሪ በቀር።

ጋሽ በረዶ የቀጮ አለቃ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ምንም ነገር ስለማይጥሉ ነው። ከተመረመረ ናሙና የተረፈች ጠብታ ሁሉ በረዶ ቤት ትገባለች። ቦታ ሲጠብባቸው የሠራተኛውን የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ ሳይቀር ወርሰዋል። «ጋሼ፣ የደመወዛችንንም ትርፍራፊ እዚያ አስቀምጠውልን ይሆን?» እያለች የምትቀልድባቸው ቀጮ ነበረች። አሁን ያቺ ጠብታ ናት ስሟን በጥርሷ ነክሳ የያዘችላት።

መስኮቱ ተከፈተ። ጋሽ በረዶ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ብቅ አሉ።

«ወጣ እንዴ ጋሼ?»

«ወጣ። ሁለቱንም ዘረመል ከራስ እስከ ጅራት ፊደል በፊደል አነበብናቸው። ዘመድ እንኳ አይባሉም፤ ሌላና ሌላ ቅርንጫፍ ናቸው። የዚያን ጊዜው ሄዷል። ይሄኛው እንደ አዲስ የያዘሽ ነው።»

ቀጮ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። ስንት ሌሊት ራሷን ስትጠይቅ ኖራለች፤ ምናልባት እውነት ተሸክሜው ይሆን፣ ምናልባት ሽማግሌውን እኔ ይሆን የጣልኳቸው እያለች።

«ተመስገን። ታዲያ አለቀ በሉኛ።»

«ምኑ አለቀ? ኮሚቴው ዘረመል ብቻውን አያጠግበውም። የሕመሙን ታሪክ ይፈልጋል። በመሃል ድነሽ ነበር ወይ፣ ምርመራሽ ነጻ ወጥቶ ነበር ወይ፣ አዲሱ መቼ ጀመረሽ፣ ከማን ጋር ተገናኘሽ። እሱን አሁን አስሞላሻለሁ።» ጋሽ በረዶ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የአንቺ የአሁኑ፣ የዶክተሩና የአባቱ አንድ ነው። አንዲት ፊደል አልተለያየም።»

«ማን ከማን ያዘው ማለት ነው?»

«እሱን ዘረመሉ አያውቅም። ሁለት ተማሪ ፈተና ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ከሠሩ አንዱ ከአንዱ ኮርጇል። ማን ከማን እንደኮረጀ ግን ወረቀቱ አይነግርሽም። መምህሩ ተነስቶ፣ ማን ከማን ኋላ ነበር የተቀመጠው ብሎ መጠየቅ አለበት። እዚህም ጥያቄው ማን ቀድሞ ታመመ ነው።»

«እኔ ነኛ» አለች ቀጮ። «እኔ ማክሰኞ፣ እሱ ረቡዕ።»

ጋሽ በረዶ ከንፈራቸውን መጠጡ። «አንቺስ ከየት አመጣሽው? እኛን ሁላችንን መርምሬያለሁ፣ ነጻ ነን። አባትሽ ነጻ ናቸው። በዚያ ሳምንት ሌላ ማን አግኝቶሻል?»

«ማንም። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት። እሱን ሐሙስ አግኝቼዋለሁ፣ ከዚያ እሁድ።»

«በይ እስቲ መልሺልኝ። ትኩሳት ማክሰኞ ብለሻል። ሳል? ራስ ምታት? ሽታ የጠፋብሽ መቼ ነው?»

ቀጮ ልትመልስ አፏን ከፈተችና እንደከፈተችው ቀረች።

ሐሙስ። ያ ሐሙስ።

ዶክተሩ ከጉዞ ሲመለስ ሽቶ አምጥቶላት ነበር፤ ትንሽ ጠርሙስ፣ ክዳኗ አረንጓዴ። ለእሁዱ ምሳ ብላ ሳትከፍተው አስቀምጣው ነበር፣ ሐሙስ ግን ልቧ አላስችል ብሏት ለሙከራ ተቀባችው። ልኩን አላወቀችበትም፣ ገለበጠችው ማለት ይቀላል። አባቷ ስፌት መኪናቸው ላይ ሆነው ሦስቴ አስነጠሱና «ልጄ፣ የሰው ሱሪ ሁሉ አንቺን አንቺን ሸተተብኝ፣ ደንበኞቼ ለሚስቶቻቸው ምን ሊሉ ነው?» አሏት። እየሳቀች ወጣች። ሆስፒታሉ ግቢ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ዶክተሩ አጠገቧ ተቀመጠ፣ አቀፋት፣ አፍንጫውን አንገቷ ሥር ወሸቀ። ከዚያ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «ያመጣሁልሽን ሽቶ ግን መቼ ነው የምትቀቢው? አልወደድሽውም እንዴ?»

ቀጮ ከዕቅፉ ወጣች። እያሾፈባት መሰላት። ከመጠን በላይ መቀባቷን፣ የድሃ ልጅ አቀባብ መሆኑን በዘዴ የነገራት መሰላት። ቃል ሳይወጣት ቤቷ ሄደች፣ አንገቷን በሳሙና ፈተገች፣ ትራሷ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። እሁድ ጠርሙሱን ሳትነካው ሄደች። ቂም ግን አልያዘችም። ዋጥ አደረገችው፤ የሚወዱት ሰው ነገር እንዲህ ነው፣ ቢያንቅም ይዋጣል።

«ጋሼ» አለች አሁን፣ ድምፁ የሷ አልመስል እያላት፣ «ሰው ሽታው ጠፍቶበት ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል?»

«አንድ ቀን ያህል ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። ሐኪም ከሆነ ግን ከዚያ በላይ አያልፈውም» አሉ ጋሽ በረዶ። ለምን እንደጠየቀች አልጠየቁም። እሷም መስታወቱ ላይ ያረፈውን መዳፏን እያየች፣ ያ መስታወት ላይ መዳፉን ለጥፎላት የነበረው ሰውዬ በአንዴ ናፈቃትም፣ አስፈራትም።

*

ሆስፒታሉ ጓሮ፣ አንሶላ የሚሰጣበት ቦታ ነው የጠራችው። እርጥብ አንሶላ በመስመር ተሰጥቶ ሰው ከሰው አያስተያይም። ዶክተሩ እየሳቀ መጣ፤ ፊቷን ሲያይ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«ሐሙስ ዕለት ሽታ አልነበረህም» አለችው።

ሌላ ሰው ቢሆን «የምን ሐሙስ?» ይላል። እሱ አላለም። አንሶላውን ያዝ አደረገ።

«የገባኝ ዓርብ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጠዋት እጄን ሳኒታይዘር ቀብቼ ሳሸተው ምንም የለም። ጨመርኩበት፤ ምንም የለም።»

«ለምን አልተመረመርክም ታዲያ?»

«ብመረመር አውቃለሁ። ካወቅኩ ምሳው ይቀራል። እማዬን ለዚያ ምሳ ለማሳመን የሄድኩትን መንገድ አንቺ ታውቂያለሽ። አንዴ ከቀረ አይደገምም ነበር ቀጮዬ። ጉንፋን ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ አልኩ። በፍቅር ያበድኩት ሞኝ ነኝ በቃ።»

እዚህ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የቀጮ ልብ ቀለጠ። ማን አለ እንዲህ ሲሉት የማይቀልጥ? ለሷ ብሎ ነው። ከሷ ጋር አንድ ማዕድ ለመቀመጥ ብሎ ነው። በሽታማ የሚዋደድ ሰው ይሰጣጣዋል፤ ከወንድም ጉንፋን፣ ከእናት ሳል ይያዛል፣ ማን ማንን ይከሳል? ግን አንድ እሾህ ቀርታ ነበር።

«ምሳውስ ይሁን። በኋላስ? የድሮው ርዝራዥ ሊሆን ይችላል ብሎ ለእናትህ የነገራቸው ማን ነው? እሳቸው ይሄን ቃል ከየት ያውቁታል?»

«ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት። እንድትረጋጋ ብዬ...»

«ነጻ ናት ብለህ የዘለልከው አንተ አይደለህም?»

ዶክተሩ አንሶላውን ለቀቀና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው። ይሄን ትልቅ ሰውዬ አልቅሶ አይታው አታውቅም።

«ፈራሁ» አለ። «አባዬ እዚያ ቱቦ ተሰክቶበት እማዬ ዓይኔን እያየች ማን ነው ያመጣው ስትለኝ ፈራሁ። ነገ ግን ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ። እሷም ባለችበት። አባቴ ይሙ...»

አልጨረሰውም። ለቀልድም ለቁም ነገርም አባቴ ይሙት ማለት ልማዱ ነበር፤ ዛሬ ቃሉ አፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ሁለቱም ወደ ላይ፣ ሽማግሌው ወደተኙበት ፎቅ መስኮት አዩ።

«ካልተናገርኩ» አለ ቀስ ብሎ፣ እጇን ይዞ፣ «አንቺን ይንሳኝ።»

ከዚህ የበለጠ ምን ይማልላታል? አመነችው። እጁ ሞቃት ነበር፣ አንሶላው ሳሙና ሳሙና ይሸታል፣ እሷም ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉ ትንፋሽ ሳበች።

*

በማግስቱ ጠዋት ስልኳ ላይ መልእክት ገባላት፤ «ዛሬ እናገራለሁ። አንቺን አየት እያደረግኩ እናገራለሁ» ይላል። አባቷ ጨርቅ ሊገዙ ማልደው ወጥተዋል። ቀጮ ባለአረንጓዴ ክዳኗን ጠርሙስ አወጣች። በዚያ ቀን ያልሸተተውን ዛሬ ይሽተተው አለች። አሁን ድኗል፣ አፍንጫው ተመልሷል። ሁሉም ነገር ሲያልቅ አንገቷ ሥር ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ሲላት አሰበችው። አይ የሰው ልብ፣ ተስፋ ሲሰጡት እንዴት ይፈጥናል።

የኮሚቴው ክፍል ረጅም ጠረጴዛና የማይከፈት መስኮት ያለው ነው። ሰብሳቢዋ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ አንጋፋ ሐኪም ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ጋሽ በረዶ ወረቀታቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከማዶ ዶክተሩና እናቱ ጎን ለጎን ናቸው። እናትየው ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ሌሊቱን አባትየው ብሶባቸው ስላደሩ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። አንድ እጃቸው የልጃቸውን እጅጌ ጨብጧል፣ እንዳይጠፋባቸው እንደ ሕፃን።

ቀጮ ያቺን አየት ጠበቀች። ዶክተሩ ግን ጠረጴዛውን እያየ ነው።

ጋሽ በረዶ የኩረጃዋን ምሳሌ ሳይቀር ደግመው ነገሩን አስረዱ። ሰብሳቢዋ እያዳመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለዚህ ይቺ ልጅ መጀመሪያ የያዛትና አሁን የያዛት የተለያየ ነው። በመሃል መዳኗንስ የመሰከረ ሐኪም አለ?»

«አለ። እሱ ራሱ ነው የፈረመው» አሉ ጋሽ በረዶ፣ በአገጫቸው ወደ ማዶ እያመለከቱ።

«ልክ ነው፣ ዶክተር?»

«ልክ ነው። ድና ነበር።»

የቀጮ ልብ ብድግ አለ። ጀመረ፤ አሁን ይቀጥላል አለች።

«ጥሩ። እንግዲህ የሦስታችሁ አንድ ስለሆነ ማን እንደቀደመ ማወቅ አለብን። እርስዎ ሕመሙ የጀመርዎት መቼ ነው?»

እናትየው እጅጌውን ጠበቅ አደረጉት። ከላይ ፎቅ የአልጋ ጎማ ሲንኳኳ ይሰማል።

«ረቡዕ» አለ ዶክተሩ።

«ከምሳው በኋላ?»

«ከምሳው በኋላ።»

ቀጮ መጀመሪያ የሰማችው አልመሰላትም። ፈገግ ብላ ሁሉ ነበር፣ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንደተረሳ ዕቃ ቀረ። አሁን ያርመዋል፣ አሁን ቀና ይላል፣ አንዴ ያየኛል እያለች ጠበቀች። ቀና አላለም።

«ሐሙስ ነው» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «ከምሳው በፊት ባለው ሐሙስ። ሽቶ ገልብጬ ተቀብቼ፣ አፍንጫው አንገቴ ላይ ሆኖ፣ ለምን አልተቀባሽም አለኝ። ሽታ አልነበረውም። ትናንት ራሱ ነግሮኛል።»

«የሽቶ ወሬ ልንሰማ ነው እዚህ የተቀመጥነው?» አሉ እናትየው።

«ሽታ ማጣት ወሬ አይደለም፣ ምልክት ነው» አሉ ሰብሳቢዋ። መነጽራቸውን አደረጉና ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «እንዲህ ብለዋት ነበር?»

አሁን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዶክተሩ ቀጮን አያት። ለቅጽበት ነው። ዓይኑ ውስጥ ልመና ነበር፤ ተረጂልኝ የሚል፣ ለዛሬ ብቻ ቻይልኝ የሚል። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰው።

«አላስታውስም» አለ።

ዋሽታለች ቢል ይሻላት ነበር። ዋሽታለች ማለት ጠብ ነው፣ ይመለሳል። አላስታውስም ማለት ግን ያ ቀን አልነበረም ማለት ነው። ያቺ አግዳሚ ወንበር፣ ያ ዕቅፍ፣ ያ ሌሊት ያፈሰሰችው እንባ፣ ሁሉም አልነበረም። አንድ ነገር ልብ ያለችው ግን አለ። ልጃቸው «አላስታውስም» ሲል የእናትየው እጅ ከእጅጌው ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። እናት የወለደችውን ልጅ ውሸት በድምፁ ታውቀዋለች። አንድ ቃል ግን አልተነፈሱም።

ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ዳግም መያዟ በዘረመሉም በሕመሙ ታሪክም ተረጋግጧል። የደበቀችው በሽታ የለም። ከነገ ጀምሮ ሥራዋ ላይ ትገኝ። ማን ለማን እንዳስተላለፈ ግን ቃላችሁ ስለማይገጥም ልወስን አልችልም። እሱን የሚያውቀው ያው የሚያውቀው ሰው ነው።» ይሄን ሲሉ የሚያዩት ቀጮን አልነበረም።

አሸንፋለች። ጋሽ በረዶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። እሷ ግን ወንበሩን ይዛ ስትነሳ የተሸነፈ ሰው ክብደት ነበር የተሰማት።

*

ኮሪደሩ ላይ ሮጦ ደረሰባት። ያ አንድ ቀን የዘለለበት ኮሪደር ነው።

«ቀጮዬ፣ ቆይ። በይ ስሚኝ። አለቀ እኮ፣ ሥራሽን አገኘሽ፣ ስምሽ ጠራ። እማዬን እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ። ሌሊቱን አባዬ እንዴት እንዳደረ ብታዪ ኖሮ... በዚያ ላይ እኔ ነኝ ልበላት? አባዬ ይዳንልኝ ብቻ፣ እምልልሻለሁ።»

ቀጮ ቆመች። ጠጋ አለችው፤ አንገቷ አገጩ ሥር እስኪደርስ።

«ዛሬስ ምን ሸተተህ?»

ፊቱ ፈካ። ይቅርታ ያገኘ መሰለው መሰለኝ። «አንቺ ነሻ። ሽቶሽ። ያመጣሁልሽ ነው አይደል? እንዴት ደስ ይላል። እኔ እኮ ሞኙ፣ ያን ቀን ተቀብተሽው ሳለ አልተቀባሽም ብዬ...»

አቆመ።

«የትኛውን ቀን?» አለች ቀጮ።

ዶክተሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ታስታውሰዋለህ ማለት ነው።»

«ቀጮ...»

«በበሽታው አልቀየምህም» አለች። አልጮኸችም፤ ጋሪ እየገፋች ያለፈቻቸው ነርስ እንኳ ቀና ብላ አላየቻቸውም። «እሱን ስትሰጠኝ አላወቅክም ልበል። ጥፋትህን ግን አውቀህ ነው የሰጠኸኝ። ከእናትህ ፊት አንስተህ እኔ ላይ አስቀመጥከው። እኔ እኮ የምወድህ መስታወት ላይ እጅህን ለጥፈህ ስለቆምክልኝ ነበር። ለካስ መስታወት መሃላችን ሲኖር ብቻ ነው የምትቆመው።»

«እናገራለሁ አልኩሽ እኮ! አሁን ገብቼ እነግራቸዋለሁ ከፈለግሽ።»

ቀጮ የኮሚቴውን በር አየች፤ ከመንገዱ ላይ ዞር ብላም ቦታ ለቀቀችለት። በሩ ቅርብ ነበር። እሱ በሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ጫማውን አየ። እግሩ አልተነሳም።

«ትናንት በማን እንደማልክስ ታስታውሳለህ?»

አንገቱን ደፋ። ማስታወሱ ከአንገቱ ያስታውቃል።

«ነሳህ» አለችውና መንገዷን ሄደች።

ከኋላዋ ጫማ አልተከተላትም። አንድ ጊዜ እንኳ ቢጠራኝ ብላ መመኘቷን ራሷ ለራሷ ይቅር አላለችም።

*

አባቷ ስፌት መኪናቸው ላይ ነበሩ። ጀርባቸው ለበሩ ነው፣ መኪናው ይጮኻል፣ ሬዲዮው ይለፈልፋል። ቀጮ እግሯን ደጃፉ ላይ ሳታሳርፍ አባቷ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«መጣሽ? ገና ከጎረቤት በር ላይ ሳለሽ ነው የሸተተኝ። ዛሬም ገለበጥሽው?»

እስካሁን አላለቀሰችም ነበር። ኮሚቴው ፊት አላለቀሰችም፣ ኮሪደሩ ላይ አላለቀሰችም፣ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት መስኮቱን እያየች መጣች። ይቺን ስትሰማ ግን እንባዋ መጣ። አባቷ የመኪናውን ጎማ በእጃቸው አቆሙና ዞሩ።

«ምነው? ምን አሉሽ?»

«ድነሽ ነበር አሉኝ አባዬ። እንደ አዲስ ነው የተያዝሽው አሉኝ። ወደ ሥራሽ ተመለሺ አሉኝ።»

«ታዲያ ይሄ ያስጨፍራል እንጂ ያስለቅሳል?»

«ሽቶዬ...» አለች፣ ቃሉ በሳግ ተቆርጦባት፣ «ያኔ ሽቶዬ አልሸተተውም ነበር።»

አባቷ ነገሩ አልገባቸውም። የገባቸው ልጃቸው ማልቀሷ ነው። ክርና መርፌ ያለበትን ጭናቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው፣ እንደ ልጅነቷ ራሷን እዚያ ላይ አሳረፉት።

«እና ምን ይሁን ልጄ? የታመመው የሱ አፍንጫ ነው፣ ሽቶሽ ምን አደረገ?»

ቀጮ የአባቷን ሱሪ በጥርሷ ነከሰች።

«አፍንጫውማ ድኗል አባዬ» አለች በመጨረሻ፣ ከዚያም ሆዷ እስኪያማት አለቀሰች።